የሸጊት ኮከብ

፦ ተረት ተረት!
፦ የላም በረት!
፦ በረቱን ማን ዘጋው?
፦ የጠረጠረ!
፦ ማን ይክፈተው?
፦ የዘጋው!

እሰይ። እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ። በሩን ግን አትዝጉት፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም።

በድሮ ዘመን፣ ዝግባ ደጅ በምትባል አገር፣ ስመኝ የምትባል ሴት ነበረች። ስመኝ ሴት ልጅ ወለደች። ስሟንም አንጓች አሏት። ልጂቱ ገና ክርስትና ሳትነሣ፣ መሪጌታ ልሳኑ የሚባል ደብተራ በዚያ ሲያልፍ ደክሞት በቤታቸው አረፈ። መሪጌታው ያን ጊዜ ጎልማሳ ነው። ጥምጥሙ የነጣ፣ ዓይኑ የፈጠነ፣ ኮከብ ቆጣሪነቱም በየአገሩ የተሰማ። የልጂቱ አባት ደስ አለውና በግ አርዶ አበላው። መሪጌታውም በላ፣ ጠገበ፣ አፉን ጠረገ። ከዚያም፦

«በባዶ አልሄድም። የልጂቱን ኮከብ ልቁጠርላችሁ» አለ።

ኮከብ የሚቆጠረው በራስና በእናት ስም ነው። ይህን ስመኝም ታውቃለች። ታውቃለችና ፈራች። በዚያ አገር ስሟን ለደብተራ የሰጠች ሴት፣ ጥላዋን እንደሰጠች ነበር የሚቆጠረው። ስሜን ይዞ ሄዶ ምን ያደርግበት ይሆን? አለች በሆዷ። አባትየው ደግሞ ለእንግዳው በቅሎ ገፈራ ሊሰጥ ወጥቷል።

መሪጌታውም፦ «የልጂቱ ስም?» አለ።

ስመኝ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና፦ «አንጓች» አለች።

«የእናቲቱስ?»

ስመኝ ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። ከቤቱ ጥግ ላሟ ሸጊት ታመሰኳለች። ስመኝም፦ «ሸጊት» አለች።

«ሸጊት። መልካም ስም ነው» አለ መሪጌታው።

ላሟም ስሟ ሲጠራ ጊዜ «እምቧ!» አለች። መሪጌታው ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጠጠሮቹን መሬት ላይ ደረደረ፣ አነሣ፣ መልሶ ደረደረ። ፊቱ ጠቆረ። አባትየውም በዚህ መሐል ገባና፦

«ምነው መሪጌታ? ደህና አይደለም?» አለ።

«ኮከቧ አቅራብ ነው። ጊንጥ ማለት ነው። ይህች ልጅ ልቧ ከጥርጣሬ አይወጣም። ያመነችው ይከዳታል። የሚዘርፋትም ሩቅ አይደለም፣ ከገዛ ቤቷ ነው የሚወጣ።»

ስመኝ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። የላም ኮከብ ቆጠረ ብላ ነው። አባትየው ግን አልሳቀም። ነገሩን ይዞት አደረ፣ ለጎረቤት ነገረው፣ ጎረቤትም ለጎረቤት ነገረው። ስመኝ ለባሏ ልትነግረው ታስባለች። ነገር ግን ደብተራ ፊት መዋሸቷን ቢሰማ ይቆጣል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ትላለች። ውሸት ደግሞ እንደ እርሾ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይኮመጥጣል።

አንጓች አደገች። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ የሸክላ መጫወቻዋን ደበቀችባትና አለቀሰች። አባቷም፦ «ይኸው! አቅራብ ናት አላልኳችሁም?» አለ። ኋላ ያቺው ልጅ እየሳቀች መጫወቻውን መለሰችላት። ያን ጊዜ ግን ማንም ምንም አላለም። እንዲህ እንዲህ እየሆነ፣ አንጓች የተወሰደባትን እያስታወሰች፣ የተመለሰላትን እየረሳች አደገች።

ያመነችው ሰው ሲበድላት «ኮከቤ ነው» ትላለች። ሳይበድላት ሲቀር ደግሞ «ገና ነው» ትላለች። እንዲህ ከሆነ ኮከብ መቼ ይሳሳታል?

እናቷ አንዳንድ ቀን ፀጉሯን ስትሠራት፦ «ልጄ፣ የዚያን የደብተራ ነገር ተዪው» ትላታለች።

«ለምን?»

«እንዲያው ተዪው።»

አንጓችም ታስባለች። እናቴ ተዪው የምትለኝ ምን ፈልጋ ነው? ከዚያም ሹልክ ብላ ትሄድና አምባሯ ከሙዳዩ ውስጥ መኖሩን ታያለች። አምባሩ አለ። ገና ነው፣ ትላለች።

ሸጊት አረጀችና ሞተች። ስመኝም ነገሩን በሆዷ እንደያዘች ሞተች።

ከዚህ በኋላ አንጓችን አንዳርጌ የሚባል ሰው አገባት። አንዳርጌ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲቀልድ ፊቱ የማይስቅ ሰው ነበር። በጫጉላው ሰሞን እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦

«ስንት ሴት እያለ እኔን ለምን አገባህ?»

«ስለወደድኩሽ ነዋ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ የለም።»

ሌላ ሳይኖር? ብላ አሰበች። ይህን «ሌላ» ዓመታት ሙሉ ስትፈልገው ኖረች።

አንድ ቀን አንዳርጌ ሞፈሩ ተሰብሮበት ያለወትሮው በቀን ወደ ቤት ገባ። እሷ ብድግ ብላ፦ «ምን ልታይ መጣህ?» አለችው። አንዳርጌም የተሰበረውን ሞፈር አሳያት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይስላል። «እህ! እህ!» ጉንፋን የለበት፣ ምን የለበት፣ በጋ ከክረምት። እንዳትደነግጥ ብሎ ነው። እሷም ሳሉን ስትሰማ ልቧ መለስ ይላል። ከዚያም ተመልሶ ይነሣል። ለምን ይስላል? ከመሳሉ በፊትስ የት ቆሞ ነበር?

ማታ ማታ ደጃፉ ላይ አመድ ትነሰንሳለች። ጠዋት ጎንበስ ብላ ዱካ ትመለከታለች። አንድ ጠዋት አንዳርጌ ከአጠገቧ ቁጢጥ አለና፦

«ዛሬ የገባው ሌባ ሦስት ጣት ነው ያለው» አላት።

«ዶሮ ነው እንጂ።»

«ዶሮ መስሎ የመጣ ቢሆንስ?»

አንዳርጌ መቀለዱ ነው። አንጓች ግን አልሳቀችም። አሰበችበት።

ደጀን የሚባል አንድ ልጅ ወለዱ። ደጀንም አደገና ፈንታነሽ የምትባል ልጅ አግብቶ ከወላጆቹ ግቢ ጎጆ ቀለሰ። ፈንታነሽ እጇ ትንሽ፣ ሳቋ ትልቅ ነበር። ከጓሮ ስትስቅ ከመንገድ ይሰማል። የጠየቃትን ትሰጣለች፣ የሰጣትን ትቀበላለች። አንጓችም ይህን ሳቅ ሰማችና፦ የምትስቅ ሴት የምትሸፍነው አላት፣ አለች። ምራቷ ማልዳ ተነሥታ ግቢውን ስትጠርግ፣ ሰው ሳይነሣ ምን ፍለጋ ነው? ትላለች። አርፍዳ ስትነሣ ደግሞ፣ ሌሊቱን ምን ስትሠራ አድራ ነው? ትላለች። የአገሩ ሴቶች ፈንታነሽን ወደዷት። ምን እያበላቻቸው ነው? ከማን ቤትስ አውጥታ?

ያን ዓመት አዝመራው ሰመረ። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገባ። አንጓች እንደ ልማዷ የጎተራውን አፍ በጭቃ መረገችው። ዘንድሮ ግን ምራት ገብታለች፤ ምርጊት ብቻውን አልበቃትም። ከታች ከረግረጉ መረሬ አፈር አስመጣችና አቦካች። መረሬ ለስላሳ ነው፣ የጣትን መስመር ሳይቀር ይይዛል። ምርጊቱ ገና እርጥብ ሳለ ቀኝ እጇን ዘርግታ ተጫነችበት። መዳፏም ቁልጭ ብሎ ታተመ። ማንም ከፍቶ ቢሰርቅ፣ መልሶ ቢመርግ፣ የእኔን እጅ ከየት ያመጣል? አለችና ደስ አላት።

በጋው በረታ። ፀሐዩ ጎተራውን ሲጠብሰው ሰነበተ። አንድ ቀን አንጓች ወደ ጎተራው ሄዳ እጇን በታተመው እጅ ላይ አኖረች። አልገባም። ጣቶቿ ከዳር ከዳር ወጥተው ተረፉ። እንደገና አኖረች። አልገባም። ልቧ ቀጥ አለ። ይህ የእኔ እጅ አይደለም። የትንሽ ሰው እጅ ነው።

«ፈንታነሽ! ነይ እስቲ!»

«አቤት እማማ!» አለች ፈንታነሽ። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ እየሳቀች መጣች።

«እጅሽን ስጪኝ።»

ፈንታነሽ አምባር ልትሰጠኝ ነው ብላ ደስ እያላት ዘረጋች። አንጓች እጇን ይዛ ምርጊቱ ላይ አኖረችው። ልክ እንደ ሰይፍና ሰገባው ገጠመ።

«ይኸው!»

«ምኑ ነው እማማ?»

«ሌባዋ!»

የፈንታነሽ ሳቅ ፊቷ ላይ ተረስቶ እንደቀረ ቆየ። ከዚያም ጠፋ።

«እኔ ጎተራውን አልነካሁም።»

«እጅሽ ግን ነክቷል።»

በጩኸቱ ደጀን ሮጦ መጣ። «እህ! እህ!» የሚል ሳል ተሰማና አንዳርጌም ገባ። ነገሩን ሰማ። ጎተራውን አየ፣ ሚስቱን አየ።

«ምን ጎደለ?» አላት።

«ምን እንደጎደለ አላውቅም። መጉደሉን ግን አውቃለሁ።»

ፈንታነሽም፦ «ሌባ ተብዬ አልኖርም። አባቴ ይምጣ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ። ጥፋተኛ ናት ካሉኝ እሄዳለሁ» አለች። ደጀንም፦ «እሷ ከሄደች እኔም አልቀርም» አለ። ለእሑድ ቀጠሮ ተያዘ።

አንዳርጌ ሚስቱን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳትና እንዲህ አላት፦

«አንጓች፣ ሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል አይመለስም። እሑድ ሌባ ናት ካልሽ ልጆቹ ሄዱ ማለት ነው። ሰኞ የምትጠረጥሪው ሰው እኔ ብቻ እቀርልሻለሁ። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፤ ብቻዬን አልበቃሽም።»

እሷ ግን በሆዷ፣ መሪጌታ ልሳኑ ጋ ሄጄ የልጂቱን ኮከብ ባስቆጥር እኮ ነገሩ ይለይለታል፣ አለች። የእኔን ያልሳተ የእሷን አይስትም።

በማግሥቱ ማልዳ ተነሣች። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ፀሐዩም ገና ከጠዋቱ ይፋጃል። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ከቤቷ ደጅ ሆና አየቻትና፦

«እናቴ፣ በዚህ ፀሐይ! ቅራሪ ይቅመሱ» አለቻት።

ቅራሪውን በቅል ቀዳች። እንደ አገሩም ልማድ፣ መርዝ የለበትም ለማለት፣ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ቅሉን ዘረጋችላት። አንጓች ግን፣ ማርከሻውን ቀድማ ጠጥታ ቢሆንስ? አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ሳለ፦ «አልጠማኝም» ብላ አለፈች።

መሪጌታ ልሳኑን ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘችው። አርጅቷል። ያ ፈጣን ዓይኑ ደክሟል። ጠጠሮቹ ግን አጠገቡ ናቸው።

«መሪጌታ፣ የምራቴን ኮከብ እንዲቆጥሩልኝ ነው የመጣሁ።»

«የጠያቂው ይቀድማል። ስምሽ ማነው?»

«አንጓች።»

«እናትሽስ?»

አንጓች ስሙን ለመስጠት አመነታች። ከመጣሁ ወዲያ ምን አደርጋለሁ ብላ ግን፦ «ስመኝ» አለች።

መሪጌታው አንድ ጠጠር አኖረ። ሁለተኛውን እንዳነሣ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ከየት ነው የመጣሽ?»

«ከዝግባ ደጅ።»

«ዝግባ ደጅ... አንጓች... በግ ያረዱልኝ ቤት! የዚያን ጥብስ መቼ ረሳሁት! አንቺ የሸጊት ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«የማን?»

«የሸጊት ነዋ። እናትሽ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና በገዛ አፏ ነው የነገረችኝ። ስሟን ስትናገር ላም እምቧ ማለቷ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።»

አንጓች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«መሪጌታ... ሸጊት ላማችን ነበረች።»

መሪጌታውን ሳቅ ያዘው። ጋቢው ከትከሻው እስኪወድቅ ሳቀ። «እኔን! እኔን! በላም ስም ኮከብ ቆጠርኩ! እናትሽ አታለለችኝ!» አለ።

አንጓች አልሳቀችም። መጀመሪያ የመጣባት፣ ይህ ሽማግሌ ይዋሻል፣ የፈንታነሽ አባት ቀድሞኝ መጥቶ ይሆናል፣ የሚል ነው። ነገር ግን ሸጊት የሞተችው ፈንታነሽ ሳትወለድ ነው። የላሟን ስም ለዚህ ሰው ማን ሊያስጠናው ይችላል? ከዚያም የእናቷ ድምፅ ከሩቅ መጣ። እንዲያው ተዪው፣ የሚለው።

«ታዲያ መሪጌታ፣ ኮከቡ የእኔ ካልሆነ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጠረጠርኩ በማን ኮከብ ነው?»

መሪጌታው ሳቁን አቆመ። ዓይኑን ጠረገ።

«ልጄ፣ እኔ የቆጠርኩት አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን የቆጠርሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያም አዘነላትና፦ «ቆይ፣ አሁን በእውነተኛው ስም ልቁጠርልሽ። ማን ያውቃል፣ ሚዛን ይሆናል። ሚዛን ደግ ነው፤ ሰው ያምናል፣ ሰው ይወደዋል» እያለ ጠጠሮቹን ይደረድር ጀመር።

አንጓች ጠጠሮቹን አየች። አማራት። ደግ ነሽ፣ ታምኛለሽ፣ በቃ ሂጂ ቢላት እንዴት ባረፈች! ጠጠር በጠጠር ላይ ሲጨመር እያየች ቆየች። ከዚያም ያን ቀኝ እጇን ዘርግታ በጠጠሮቹ ላይ ጫነችው።

«ይተዉት መሪጌታ።»

«ለምን? ምንም አላስከፍልሽም።»

«ክፉ ነሽ ቢሉኝ ዳግመኛ አምኜ እገባበታለሁ። ደግ ነሽ ቢሉኝ ደግነቱ የጠጠሩ ይሆናል። የቀረውን እኔው ልቁጠረው።»

«የምራትሽስ?»

«የእሷንም ይተዉት።»

ተነሥታ መንገድ ገባች። ትንሽ እንደሄደች ያ ነገር፣ ያ ጥርጣሬ፣ መጣ። ላም ሸጊት ብትባል ምራትሽ ሌባ አይደለችም ማለት ነው? ያ ትንሽ እጅስ? አላት። አንጓች ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ስትሰማ ልቧ የተናገረ ይመስላት ነበር። ዛሬ ግን ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ኮቴ እንደምትሰማ ሆና ሰማችው።

ዳገቱ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰው የሚሄድበት ነው፤ መሬቱ ተላልጧል። ሌላው ገበያው ሳይዛወር በፊት የሚሄዱበት ነው፤ አሁን ሣር በልቶታል፣ ፈለጉ ብቻ ይታያል። አንጓች ሁለቱን እያየች አሰበች። ይህን መንገድ ኮከብ አልቀደደውም። እግር ነው የቀደደው። የእኔንም የቀደደው የእኔ እግር ነው። እንግዲህ በሌላ ልሂዳ። ግን ደግሞ ያልተረገጠ መንገድ እሾህ አለው።

ያቺ የቅራሪ ሴት ቤት ደረሰች። ሴትዮዋም አወቀቻትና፦

«እናቴ፣ አሁንስ አልጠማዎትም?» ብላ ቅሉን አመጣች። ለመቅመስ መዳፏን ስትዘረጋ አንጓች ያዘቻት።

«አትቅመሺ።»

«እንዴ! ምነው?»

«አትቅመሺልኝ። እንዲሁ ስጪኝ።»

ቅሉን ተቀበለች። ያ ነገር ትሞቻለሽ፣ ትሞቻለሽ ይላታል። አንጓችም ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ከዚያም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እስክትሞት ጠበቀች። አልሞተችም። ቅራሪው ቅራሪ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ሆምጥጧል። ያ ነገርም፣ ገና ነው አላት። ገናም ከሆነ ጥሜ ወጥቶልኛል፣ አለችውና ቅሉን ደግማ ዘረጋች።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ጎተራው አጠገብ ተቀመጡ። የፈንታነሽ አባት አያ ሽባባው በትሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጣ። ፈንታነሽ ዕቃዋን በእንቅብ አዘጋጅታ ቆማለች። ደጀን ከጎኗ ነው። አንዳርጌ መሬት መሬት ያያል።

ሽማግሌውም፦ «እህ አንጓች፣ ከሳሽ አንቺ ነሽ። ተናገሪ» አላት።

ሌባ የሚለው ቃል አፏን ሞልቷል። ጥርሷ ሥር ይሰማታል። ያቺ ትንሽ እጅ ከምርጊቱ ላይ ታያታለች። አንጓች ተራመደች፣ ድንጋይ አነሣች፣ ምርጊቱንም መታችው። የታተመው እጅ ፍርክስክስ ብሎ ወረደ።

«ምን ነካሽ? ምስክርሽን አጠፋሽ እኮ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ልጂቱ ጤፍ ወስዳ እንደሆነ አላውቅም» አለች አንጓች። «እስከ ዛሬ የጠየቅሁ ጭቃውን ነው። እሷን አልጠየቅኋትም።» ከዚያም ዞረች። «ፈንታነሽ፣ ወስደሻል?»

«አልወሰድኩም እማማ።»

«እሺ» አለች አንጓች። ያቺ እሺ ከአፏ እንደ ጥርስ ተነቅላ ወጣች።

ፈንታነሽ ግን እንቅቧን አላስቀመጠችም።

«ዛሬ እሺ አሉኝ። ነገስ?»

«ነገማ ይመጣብኛል።»

«ታዲያ?»

«ሲመጣብኝ ለጭቃ አልነግርም። ላንቺው እነግርሻለሁ። ፈንታነሽ፣ ያ ነገር መጥቶብኛል እልሻለሁ።»

«እኔስ ምን እላለሁ?»

«ሳዪላት» አለ አንዳርጌ፣ ፊቱ ሳይስቅ። «እኔ ስንት ዘመን እንደዚያ ነው ያቆየኋት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አያ ሽባባው ግን፦ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዕርቅ ነው? ነገም እጠረጥርሻለሁ እያለቻት!» አለ።

ፈንታነሽ አማቷን አየቻት። ከዚያም፦ «አባባ፣ አልጠረጥርሽም ብትለኝ ኖሮ ውሸት ነበር» አለች። እንቅቧንም መሬት አስቀመጠች። «ግን አንድ ነገር አለኝ። ጎተራውን አብረን እንመርገዋለን። የሁለታችንም እጅ ይታተማል።»

እንዳለችውም አደረጉ። ያንኑ መረሬ አቦኩ፣ መረጉ፣ ትልቁንና ትንሹን እጅ ጎን ለጎን አተሙ። ሽማግሌዎቹም መርቀው ሄዱ።

ፀሐዩ እንደገና ጎተራውን ሲጠብስ ሰነበተ። አንድ ቀን ከጎተራው በኩል የፈንታነሽ ድምፅ ተሰማ።

«እማማ! ኧረ ይምጡ!»

አንጓችም ብድግ አለች። ጎተራው ጋ ምን ትሠራለች? ብላ ሄደች። ፈንታነሽ እጇን በገዛ እጇ ማኅተም ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እጄ አደገ እንዴ? አልገባ አለኝ!»

አንጓችም የራሷን አኖረች። አልገባም። ጣቶቿ ከዳር ከዳር ወጡ። ልክ እንደዚያ ቀን። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ምርጊቱ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፣ ከዳር ሸሽቷል። መረሬው ነው! ደርቆ ሲኮማተር እጁንም አብሮ አሳነሰው።

ፈንታነሽ ሳቀች። ያ የጠፋው ሳቅ ነው፣ ከመንገድ የሚሰማው። አንጓች ግን ቁጭ አለች። ጭቃው እውነቱን እስኪነግረኝ ብጠብቅ ኖሮ፣ ይህች ልጅ ዛሬ አባቷ ቤት ነበረች፣ አለች በሆዷ። ከዚያም ምራቷን ቀና ብላ አየችና እሷንም ሳቅ ያዛት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። በዚያ ግቢ አንጓች እንዲህ ስትስቅ የሰማ የለም።

አንዳርጌ ከማሳው ሰማው። ምን ሆኑብኝ ብሎ መንሹን ጥሎ ሮጠ። አጥሩን አልፎ፣ ደጁን አልፎ፣ እያለከለከ ጎተራው ጋ ደረሰ። አንጓችም ቀና ብላ፦

«ሳትስል ገባህ!» አለችው።

«ረሳሁት።»

«ምን ልታይ መጣህ?»

አንዳርጌ ከአጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ስትስቂ» አላት።

ያ ነገር ከዚያ ወዲያም ይመጣ ነበር። ለምን እዋሻችኋለሁ? አሮጌ መንገድ ሣር ቢበላውም ፈለጉ አይጠፋም። ሲመጣባት ግን፦ «ፈንታነሽ፣ መጥቶብኛል» ትላለች። ፈንታነሽም፦ «ይቀመጡ እማማ፣ ቅራሪ ልቅዳልዎ» ትላታለች። አንጓችም ሳታስቀምስ ትጠጣለች። አመዱን ለጓሮ ጎመኗ አዋለችው። አንዳርጌ ግን እስኪሞት ድረስ ሳሉን አልተወም፤ ለምዶበታል። እሷም «እህ! እህ!» ሲል ስትሰማ፣ «መጣልኝ» ትላለች እንጂ «ከየት?» አትልም። ያን ሳል የለመደ ጆሮ፣ እሱ ከሞተ ወዲያም አጥር አጥሩን ማዳመጥ አይተውም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቆሎ አብሱ። ሳትቆጥሩ ዝገኑልኝ፣ ሳልቆጥር ልቆርጥምላችሁ። በሩንም እንደተከፈተ ተዉት።